ተለዋጭ መንገድ የማን ዕዳ ነው?

«መንገዱ በግንባታ ምክንያት ዝግ ስለሆነ ተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ።» በየመንገዱ ዳር የሚቆመው ይህ ሰሌዳ በአማርኛ ከተጻፉ ጨዋ ዐረፍተ ነገሮች አንዱ ነው። አንቱ ይላል፣ ምክንያቱን ያስረዳል፣ አይቆጣም። ደግመው ሲያነቡት ግን የጎደለው ይታያል። ተለዋጩ መንገድ በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም፤ መኖሩንም አያረጋግጥም፤ እንዳለ ቆጥሮ «ይጠቀሙ» ብሎ ያልፋል። የዘጋው አንዱ፣ ፈልጎ የሚያገኘው ሌላው። ከቆፋሪው ትከሻ ላይ መውረድ የማይገባው ሸክም በአንዲት ትሑት ግሥ መንገደኛው ላይ ተጭኗል። ባለመኪናው ጥቂት ነዳጅ አቃጥሎ ይዞራል። ባለሳይክሉ ግን የሚያቃጥለው የራሱን ጉልበት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በእሱ በኩል ማንሳት ይሻላል፦ መንገድ የሚሠራ አካል፣ መንገዱን በዘጋ ጊዜ ለሚያልፈው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ወይስ ለነገው በጎ ነገር ሲባል የዛሬውን መንገደኛ «ትንሽ ታገሥ» ማለት ይበቃል? ዕዳ አለበት እላለሁ። ዕዳው የቸርነት ሳይሆን የፍትሕ ነው፤ መከፈል ያለበትም የመጀመሪያው አካፋ መሬት ከመንካቱ በፊት ነው።

ነገሩን ለማየት ከጁባ የተሻለ ከተማ አይገኝም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃነቷን ስታውጅ ዋና ከተማዋ አስፋልት የነካቸው መንገዶቿ በጣም ጥቂት ነበሩ። ከተሞችን የሚያገናኝ የመጀመሪያው የአስፋልት አውራ ጎዳና፣ ከጁባ እስከ ዩጋንዳ ድንበር ኒሙሌ ድረስ ያለው 192 ኪሎ ሜትር፣ የተጠናቀቀው በ2012 ነው። ሌላው በአብዛኛው ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ ወይም ተሠርቶ በዝናብ የተበላ፣ ወይም ደግሞ ተራውን የሚጠብቅ ነው። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ባለው የዝናብ ወቅት፣ በጁባ ዐረብኛ «ኮር» የሚባሉት ደረቅ ወንዞች በድንገት ይሞሉና ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ ጎርፍ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይክል ይሄዳል። ከከተማው ዳር ከሰል በጆንያ ጭኖ ይገባል፤ ቢጫ ጀሪካን በግራና በቀኝ አንጠልጥሎ ውኃ ያደርሳል፤ ሠራተኛውን ከጉዴሌ፣ ከሙኑኪ፣ ከወንዙ ማዶ ከጉምቦ ወደ ኮኞ ኮኞ ገበያ ያመጣል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም 20 ኪሎ ያህል ነው። አራት ጀሪካን 80 ኪሎ ሆነ፤ ሳይክሉ ራሱ አልተቆጠረም። አሁን ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚያልፍበት መንገድ ተቆፈረ እንበል፤ ዙሪያው በአንድ ጉዞ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጨምርበት። ሲሄድ ሦስት፣ ሲመለስ ሦስት፣ በቀን ስድስት። በ32 የሥራ ቀን ውስጥ ከጁባ ተነሥቶ ኒሙሌ የሚያደርስ ርቀት ረገጠ ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳይቆጥርለት፣ ገና ባልጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ ጎማው እየሰመጠ። «ትንሽ ትዕግሥት» ተብሎ የተጠየቀው ይህ ነው።

አንዳንዱ «ከመቆፈር በፊት መተላለፊያ ስጥ የሚል ሕግ በሀብታም አገር እንጂ በጁባ አይታሰብም» ይል ይሆናል። ጁባ ግን ሕጉን ታውቀዋለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። በነጭ ዓባይ ላይ ከተማዋን ከምሥራቁ ዳርቻና ከኒሙሌ መንገድ ጋር ያገናኝ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገጠመው የብረት ድልድይ ብቻ ነበር። ከዩጋንዳ የሚመጣው እህል፣ ሲሚንቶ፣ ነዳጅ የሚያልፈው በእሱ ላይ ነበር። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ አዲሱ ድልድይ ሥራው በ2013 ሲጀመር፣ «ሥራው እስኪያልቅ አሮጌው ይዘጋ፣ መንገደኛው ተለዋጭ ይፈልግ» ያለ የለም። ቢባልም ሰሚው ይስቅ ነበር። አዲሱ ሌላ ቦታ ላይ ተተከለ፤ አሮጌው እየተጠጋገነ ማሳለፉን ቀጠለ። ደግም ሆነ! በታኅሣሥ 2013 ጦርነት ፈነዳና ሥራው ቆመ፤ እንደገና ተጀምሮ በሐምሌ 2016 ሌላ ውጊያ አቆመው። 560 ሜትር የሚረዝመው የነፃነት ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2022 ነው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ የግንባታ ማብቂያ ቀን በማንም እጅ አለመሆኑ ነው፤ መሐንዲሱ ቀኑን በቅን ልቡና ቢጽፍም ጦርነቱ፣ ጎርፉና የገንዘብ እጥረቱ ይሰርዙታል። እንግዲህ ለስድስት ወር ብቻ የታሰበ ተለዋጭ ስድስት ዓመት ሊኖር እንደሚችል ታስቦ መሠራት አለበት። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል፦ «መጀመሪያ አሳልፍ፣ ከዚያ ቆፍር» የሚለውን ደንብ መንገደኛው የጭነት መኪና ሲሆን ማንም አይረሳውም። የሚረሳው መንገደኛው ባለሳይክል ሲሆን ነው። የጠፋው ዕውቀት አይደለም፤ ችሎታም አይደለም። የጠፋው ባለሳይክሉን በመንገደኛ ሒሳብ የሚያስገባው ሰው ነው።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ጉዳይ ከእኛ በላይ አስበውበታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ የቆፈረ ወይም የከፈተ ሰው ሳይከድነው ቀርቶ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ባለጉድጓዱ ይክፈል ይላል ሕጉ። ጉድጓዱ ለምን እንደተቆፈረ አይጠይቅም፤ ለውኃም ይሁን ለቤት መሠረት፣ የቆፋሪው ዓላማ ያማረ መሆኑ ከዕዳ አያወጣውም። የሚጠየቀው ከድኖት ነበር ወይስ አልከደነውም የሚለው ብቻ ነው። አህያ ሰሌዳ አታነብም፤ መብራት በሌለበት ጨለማ ሰውም አያነብም። ከዚህ አልፎ የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና ቃል በቃል የተለዋጭ መንገድን ጉዳይ ያነሣል። በእርሻው መካከል የሕዝብ መተላለፊያ ያለበት ሰው ያንን ወስዶ በዳር በኩል ሌላ ቢሰጥ፣ የሰጠው ተሰጥቷል፣ የወሰደው ግን የእሱ አይሆንም ይላል ብያኔው። ጨካኝ ይመስላል፤ ሰውየው ሁለት መንገድ ከሰረ። ምክንያቱ ግን ሲያስቡት ይገባል፦ የሕዝብ መተላለፊያ አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ የሚለዋውጠው ንብረት አይደለም። በዩስቲኒያኖስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ533 የተጠናቀረው የሮማ ሕግም ጎዳና በወንዝ ሙላት ወይም በመደርመስ ሲጠፋ ቅርብ ያለው ጎረቤት በመሬቱ ላይ መተላለፊያ እንዲሰጥ ያዛል። ወንዙን ያመጣው ጎረቤቱ አይደለም፤ እንዲያም ሆኖ መተላለፊያው ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ ዕዳው በእሱ ላይ ወደቀ። ጥፋት የሌለበት ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ በገዛ ዶዘሩ የቆፈረውማ ምን ሊባል ነው? የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም መሬቱ ዙሪያውን ተከቦ መውጫ ያጣ ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ የማለፍ መብት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በእስልምና ትምህርት ደግሞ መንገድ ራሱ «ሐቅ» አለው፤ ጉዳት የሚያደርስን ነገር ከመንገድ ላይ ማንሣት ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። እነዚህ ሁሉ ዘመናቸውም ሃይማኖታቸውም የተለያየ ነው። የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ማለፍ ባለሥልጣን ሲመቸው የሚሰጠው፣ ሳይመቸው የሚያነሣው ፈቃድ አይደለም።

ከሃይማኖት ወገን የሚመጣውን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ትዕግሥት በጎ ነገር ነው፤ ለጋራ ጥቅም ጥቂት መድከም ከክርስቲያንም ከሙስሊምም የሚጠበቅ ነው፤ «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ይባላል፤ እስራኤልስ አርባ ዓመት በምድረ በዳ ዞሮ የለም ወይ? ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ለእኔ ክርክር ይመሰክራል እንጂ አይቃወመውም። ዘጸአት 13ን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን ቅርብ በሆነው በፍልስጥኤማውያን መንገድ አልመራቸውም፤ ጦርነት አይተው እንዳይደነግጡ ብሎ በምድረ በዳው አዞራቸው። ግን አዙሯቸው ሲያበቃ «ተለዋጭ መንገድ ፈልጉ» ብሎ አልተዋቸውም። ቀን በደመና ዓምድ፣ ሌሊት በእሳት ዓምድ ፊት ፊታቸው ሄደ። አቅጣጫ ሰጠ፣ መብራት ሰጠ፣ ሲርባቸው መና ሲጠማቸው ውኃ ሰጠ። በመጽሐፉ ያለው ትልቁ ዙሪያ መንገድ ምልክትና መብራት የነበረው፣ አዟሪውም አብሮ የተጓዘበት ነው። ሰብአ ሰገልም እንደዚሁ፤ በሌላ መንገድ የሄዱት ወደ ሄሮድስ እንዳይመለሱ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነው፤ ተመልሰው ደጃፉ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ትዕግሥትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ልዩነት መያዝ አለበት። ትዕግሥት የሚያምረው ታጋሹ ራሱ ሲሰጠው ነው። ሌላውን «ታገሥ» የሚለው ሰው በዚያ ቃል አንዳች ነገር አልታገሠም፤ የሰው ትዕግሥት በነፃ ተበደረ እንጂ። ብድር ደግሞ ይመለሳል።

ሌላው ተቃውሞ ፈገግ ያሰኛል፤ «ሳይክል እኮ የትም ያልፋል!» የሚለው ነው። በአጥር ሥር ሾልኮ፣ በቦይ ላይ በተጣለ ጣውላ ተንጠልጥሎ፣ ካልሆነም ተሸክሞት ያልፋል። እውነት አለው። የምሥራቅ አፍሪካ «ቦዳ ቦዳ» ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ክፍተት ነው፦ በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር በቡሲያ፣ ከአንዱ ኬላ እስከ ሌላው ያለውን መሀል መሬት ሰው በሳይክል ኋላ ተፈናጦ ይሻገር ነበር፤ ስሙም «ከድንበር ድንበር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ጥሪ መጣ። በኋላ ሳይክሉ ለሞተር ብስክሌት ቦታውን ለቀቀና ዛሬ የጁባን ጎዳና የሚሞላው እሱ ነው። ግን ከዚህ ብልሃት የሚወጣው ድምዳሜ ምንድን ነው? ሰው ብልህ ስለሆነ የሚገባው ይቀነስበት? ድኻ መላ አያጣም ማለት የድኻን መላ እንደ ሕዝብ በጀት መቁጠር ሲሆን ነውር ይሆናል። ደግሞም 80 ኪሎ ውኃ የጫነ ሳይክል አይሸከሙትም፤ ከቦዩ ማዶ ለመሻገር አራቱን ጀሪካን አውርዶ፣ ሁለት ሁለቱን አሻግሮ፣ ተመልሶ ሳይክሉን አሻግሮ፣ እንደገና ማሰር ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ማዶና ማዶ የተቀመጠውን ውኃ ማን ይጠብቅለት? የአማርኛ ምርቃት እዚህ ላይ ብልህ ነው። መንገደኛውን ሲሸኙ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይሉታል። የተመረቀው እግሩ አይደለም፤ መንገዱ ነው። የጉዞው ምቾት ያለው በተጓዡ ጥንካሬ ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ መሆኑን መራቂው ያውቃል።

«ሳይክል ነጂ ስንት ነውና?» የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። መንገደኛ በቁጥር ከተመዘነ የባሰ የሚፈረድበት ባለመኪናው ነው፤ በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእግር እንደሆኑ የከተማው የትራንስፖርት ጥናቶች ደጋግመው ጽፈዋል። ከዚህ ይልቅ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው «መንገዱ የሚሠራው ለእሱ ለራሱ አይደለም ወይ?» የሚለውን ነው፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ ማድረግ ጀመረች፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ለሳይክል የተለየ መስመር በብዙ ጎዳና ላይ ተዘረጋ። መልካም ነው፤ ባሕር ዳር በሳይክል ስታድግ ዋና ከተማዋ ዘግይታ ነበር። ነገር ግን ለሳይክል የሚሆነው መስመር እስኪነጠፍ ድረስ በቁፋሮው ወራት እግረኛውም ባለሳይክሉም ወደ መኪናው መስመር ወርደው ከሚኒባስና ከሲኖትራክ ጋር ይጋፉ ነበር። ስጦታው የሚደርሰው በሕይወት ለተረፈው ነው ማለት ነው። አህያህን ሳያስፈቅድህ ወስዶ ለሦስት ወር አብልቶ፣ አወፍሮ የመለሰልህ ሰው አህያህን አልጎዳም፤ ያም ሆኖ በእነዚያ ሦስት ወራት እህልህን በጀርባህ ተሸክመህ ገበያ ወጥተሃል። የአህያዋ መወፈር ያንን አይከፍልም። ለዚያውም መንገዱ ሲያልቅ የባለሳይክሉ መሆኑ በብዙ ቦታ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ አስፋልት ሲመጣ ፍጥነት ይመጣል፣ ፍጥነት ሲመጣ ባለሳይክሉ ከጠርዝ ውጭ ወዳለው ጠጠር ይገፋል። ዛሬን በነገ ስም የሚከፍል ሰው፣ ቢያንስ ነገ የማን እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል።

የገንዘቡ ነገር ይቀራል፤ ጦርነት ያደቀቃት አገር ለባለሳይክል ተለዋጭ የምትሠራበት ከየት ታመጣለች? ለመኪና የሚሆን ተለዋጭ ውድ ነው፤ ድልድይ፣ ቱቦ፣ ስፋት ይፈልጋል። ለሳይክል የሚበቃው ግን አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ በሮለር አንዴ ሁለቴ የተረገጠ ገረጋንቲ ነው፤ በቦይ ላይ የሚጣል፣ የማይወላገድ ጣውላ ነው፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ የሚታሰር ገመድና በሌሊት የሚበራ ፋኖስ ነው። ገረጋንቲው እዚያው ተቆልሏል፤ ሮለሩ እዚያው ቆሟል። ከዚህም ሁሉ በፊት አዲስ ዕቃ የማይጠይቅ ነገር አለ፤ የመንገዱን ግማሽ ቆፍሮ ግማሹን ማሳለፍ፣ ያ ሲያልቅ መገልበጥ። ሥራው ይዘገያል? ይዘገያል። ዘጠኝ ዓመት የወሰደው ድልድይ የዘገየው ሰው ስላሳለፈ አልነበረም። በእርግጥ ግማሽ በግማሽ የማይሆንበት ቦታ አለ፤ ኮሩን የሚያሻግር ቱቦ ሲቀበር መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ይከፈታል፤ የአፈሩ ግድግዳ ሊናድ የሚችልበት ቦታ ላይ ሰው ማሳለፍም ወንጀል ነው። እዚያ ላይ መዝጋት ትክክል ነው፤ የበለዓም አህያ መንገዱን ትታ ዞር ያለችው ጌታዋን ከሞት ለማዳን ነበርና። እንዲህ ባለ ቦታ ዕዳው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይሰረዝም፦ ቁፋሮው ከዝናቡ ወራት ውጭ ይደረጋል፣ ሰፈሩ አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ዙሪያው ተለክቶ ይጠረጋል። ይህን ማድረግ ያልቻለ ተቋራጭ ቱቦውን ለመቅበርም ገና አልተዘጋጀም ብዬ እፈርዳለሁ።

በጁባ መንገድና ሕንፃ ሥራ ላይ የተሰማሩ፣ ግሬደር የሚነዱ፣ ፎርማን የሆኑ ኢትዮጵያውያን ይህን ያነቡ ይሆናል፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ያሉትም እንዲሁ። ዶዘሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ተለዋጩን በሳይክል አንድ ጊዜ ሂዱበት፤ አራት ጀሪካን ጭናችሁ። ከዚያ ሰሌዳውን ስትተክሉ፣ «ተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ» ከሚለው ሥር ማንበብ ለማይችለውም የሚገባ ቀስት ሳሉበት፤ ከቀስቱ አጠገብ ዙሪያው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በቁጥር ጻፉበት።